ሹራብ የለበሰው ላፕቶፕ

ክር ክር ስላችሁ፣ ምዘዝ ምዘዝ በሉኝ። ክር ክር። ጫፉ የታለ? ጫፉ ደብረ ብርሃን ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰፈር፣ ከሽብሩና ከእልፍነሽ ቤት። እንግዲህ ጫፉን ይዣለሁ፤ ከተበጠሰ በእናንተ፣ ካልተበጠሰ በእኔ።

ሽብሩ ማለት ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዕድሜው አንቱ ያሰኛል፤ እኔ ግን አንተ ብዬ የለመድኩትን ሰው ዛሬ ለወሬ ብዬ አንቱ አልለውም። መናኸሪያ ውስጥ ስሙ «ሽብሩ ለምን» ነበር። ሞተር ሲያጉረመርም ለምን ይላል፤ ተሳፋሪ ሲያኮርፍ ለምን ይላል፤ ትራፊክ ሲያስቆመው እንኳ ከመንጃ ፈቃዱ በፊት የሚያወጣው ለምን የምትለዋን ቃል ነው። እሱ ጡረታ ሲወጣ ለምን አብራው ጡረታ አልወጣችም። የግድግዳ ሰዓቱን ውስጡን ልይ ብሎ ፈታው። ራዲዮኑን ፈታው። የፈታው ሁሉ ተመልሶ ይገጠማል ማለት ግን አይደለም፤ ሰዓቱ ዛሬም ካርቶን ውስጥ ነው።

ሚስቱ እልፍነሽ ደግሞ እሱ የሚፈታውን ሁሉ የምታለብስ ሴት ናት። ኪሮሿን ይዛ ከተቀመጠች እዚያ ቤት ዕርቃኑን የሚቀር ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፤ ሲሊንደሩ ቀሚስ ለብሷል፤ ሪሞቱ ከመጣበት ላስቲክ እስከ ዛሬ አልወጣም። ልጃቸው አዲስ ላፕቶፕ አግኝቶ አሮጌውን የተወላቸው ጊዜ እልፍነሽ በመዳፏ ዳበሰችውና «ይሄ ነገር ብርድ መትቶታል» አለች። ብዙም ሳይቆይ ላፕቶፑ ከሆዱ እስከ ጎኑ ቡናማ የሱፍ ሹራብ ለበሰ። ለቻርጀሩ ቀዳዳ ተወችለት። ለፍላሹ ቀዳዳ ተወችለት። በሚተነፍስበት በኩልም ቀዳዳ ተወችለት። ምን እንደሆነ ላላወቀችው ነገር ግን ቀዳዳ አልተወችም፤ ለማያውቀው ነገር ቀዳዳ የሚተው ማን አለ? ግጥም አድርጋ ሰፋችው።

ሹራቡ ከብርድ አዳነው እንጂ ከእርጅና አላዳነውም። የድሮው ሲስተም ከብዶት ሲያቃስት ይውል ጀመር። ሽብሩ ታቅፎት ከመንገዱ ማዶ ወደ ምንታምር ሄደ። ምንታምር ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት፣ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ኮምፒውተር የምታበጅ ሳቂታ ሴት ናት።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ደህና ነው፤ ጭነቱ ነው የከበደው» አለችው። «ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ልጫንበት። እሱ ቀላል ነው፤ አሮጌ ማሽን አይንቅም።»

«ለምን አይንቅም?»

«አንድ ሰው አይደለማ የሠራው። በየአገሩ ያለ ሰው የሚችለውን እያዋጣ ነው የሚሠራው። አሮጌ ማሽን ያለውም ገብቶበታል።»

«ደቦ ነው በይኛ።»

«አዎ ጋሼ፣ ደቦ ነው።»

ደቦ ሲባል የሽብሩ ልብ ተከፈተ። ሊኑክሱ ተጫነ። ላፕቶፑም ከነሹራቡ እንደ ልጅ ብድግ አለ። እስቲ ምን ይሠራል ብሎ ሽብሩ እያንዳንዷን ምልክት ሲነካ፣ ሲከፍት፣ ሲዘጋ ሰነበተ።

አሁን ነገር የምታመጣዋ ትንሽ ምኞት መጣች። እልፍነሽ የእህቷን የአስካለን እጅ ማየት ፈለገች። በቃ፣ ሌላ ምንም። ፊቷን ብታይም ደስ ይላታል፤ የፈለገችው ግን እጇን ነው።

እናታቸው ጀምራ ያልጨረሰችው የአልጋ ልብስ አለ፤ ነጭ፣ በኪሮሽ የተሠራ። መሃሉ አልቋል፤ የቀረው ጠርዙ ነው። እናትየዋ ስታርፍ ጨርቁ ለእልፍነሽ ደረሳት፤ የጠርዙን አሠራር የምታውቀው ግን ታላቅየዋ አስካለ ናት። አንዷ ጨርቁን፣ አንዷ የእናቷን እጅ ወረሰች ማለት ነው። አስካለ የምትኖረው ጅማ፣ ከልጇ ከማስተዋል ጋር ነው። ዘንድሮ መጥቼ አሳይሻለሁ፣ የለም ለከርሞ ይሁን፣ ሲባባሉ ጊዜው ሄደ። የእልፍነሽ ጉልበት መንገድ አልችል አለ። የአስካለ ጆሮ ተደፈነና በስልክ መጫወት ቀረ። ማስተዋል መሃል ሆና እናቷ ያለችውን ብታስተላልፍ፣ «ሁለት ወደፊት፣ አንድ ዝለይ» ከማለት አታልፍም። እልፍነሽ እንደተባለችው ስትሠራው ጠርዙ ይጨማደዳል። ትፈታዋለች። መልሳ ትሠራዋለች። መልሶ ይጨማደዳል። አንድ ጊዜ በምንታምር ስልክ በምስል ተገናኝተው ነበር፤ በዚያች በመዳፍ በምትያዝ ስክሪን ግን ክሩ ለእልፍነሽ ዓይን አልታይ አለ። በዚህ መሃል ማስተዋል ደውላ ሌላ ነገር ነገረቻቸው። የአስካለ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሐኪሙም እየባሰ ነው የሚሄደው ብሏል።

«እጇ ሳይከዳት ልያት» አለች እልፍነሽ። «በትልቁ ስክሪን፣ በላፕቶፑ ልያት ሽብሩ። እሷም የእኔን እጅ ታየኝና ስሳሳት ትንገረኝ። ከእታለም ከአስካለ በኋላ የእማዬን እጅ የሚያውቅ ሰው የለም።»

ሽብሩ እጅጌውን ሰብስቦ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ። ካሜራውን፣ እዚያ ከስክሪኑ ጫፍ ላይ ያለውን ትንሽ ዓይን፣ ዓይን ለዓይን አየው። «አንተ፣ ዓይን አለህ አይደል? ለምን አታሳየንም?»

ካሜራው መለሰ። ካሜራ አይናገርም እንዳትሉኝ፤ ሽብሩ ፊት የተቀመጠ ዕቃ ሁሉ ሳይወድ በግዱ ይናገራል። «ማየቱን አያለሁ» አለ ካሜራው፤ «ያየሁትን ጅማ የሚያደርስ የምስል መደወያ ፕሮግራም ነው የሌለኝ። እሱ መጥቶ ይክፈተኝ።» እንዲህ ሆኖ፣ ካሜራው እጅ አላሳይ ብሎ፣ እልፍነሽ የአስካለን እጅ ሳታይ ቀረች።

ሽብሩ ወደ ፕሮግራሙ ሄደ። «ለምን አትመጣም?» ቢለው፣ «እኔ ያለሁት ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ዋይፋይ ካልጠራኝ በእግሬ አልመጣም» አለው። ዋይፋዩማ ሩቅ አልነበረም። የምንታምር ዋይፋይ መንገዱን ተሻግሮ እነሱ ሳሎን ድረስ ይገባል፤ የይለፍ ቃሉንም ሰጥታቸዋለች። የላፕቶፑ ዋይፋይ ግን እንደተኛ ነው። ዋይፋዩ ፕሮግራሙን አልጠራ ብሎ፣ ፕሮግራሙ ካሜራውን አልከፍት ብሎ፣ ካሜራው እጅ አላሳይ ብሎ፣ እልፍነሽ የአስካለን እጅ ሳታይ ቀረች።

ምንታምርን ጠሯት። መጣች፣ ጎንበስ ብላ አየች፣ ጥቂት ጻፈች። «አሃ» አለች። «ጋሼ፣ ዋይፋዩ ድራይቨር የለውም።»

ሽብሩ ከወንበሩ ተነሳ። ኮቱን አስተካከለ። «ድራይቨር ነው የጠፋው? ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም? መንጃ ፈቃዴ እንደሆነ አልታገደ።»

ምንታምር ሳቋን መያዝ አቃታት፤ እልፍነሽም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሳቁ ሲበርድ ምንታምር አስረዳችው። እዚያ ማሽን ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ የየራሱ ሹፌር አለው። ካሜራውን የሚነዳ አለ፣ ድምፁን የሚነዳ አለ፣ ዋይፋዩን የሚነዳ አለ። ሹፌሩ ሰው አይደለም፤ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ትንሽ ፋይል ነው። የሌሎቹ ከሊኑክሱ ጋር አብረው መጥተዋል። የዋይፋዩ ግን አልመጣም።

«ለምን?»

«ካርዱ የቆየ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ሹፌሩን ለደቦው አላዋጡም። ለብቻው ተፈልጎ ነው የሚመጣው።»

«ንፉጎች። የት ነው ያለው?»

«ኢንተርኔት ላይ።»

«በምን ይመጣል?»

«በዋይፋይ» አለችና ራሷም ቆም አለች።

ሽብሩ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «ቆይ እስቲ። ሹፌሩ የሚመጣው እሱ ራሱ በሚነዳው አውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ ደግሞ ሹፌሩ ካልመጣ አይነሳም። እንዲህ ያለ መስመር ላይ ሠርቼ አላውቅም።» ነገሩ ቢያናድደውም ደስ አለው፤ እሱ እንደሆነ ከቀላል ነገር ይልቅ የተቋጠረ ነገር ይወዳል። በገመድ እናገናኘው እንዳይሉ የገመዱ ቀዳዳ ጥርሱ ረግፏል። ሹፌሩ ዋይፋዩን አልነዳ ብሎ፣ ዋይፋዩ ፕሮግራሙን አልጠራ ብሎ፣ ፕሮግራሙ ካሜራውን አልከፍት ብሎ፣ ካሜራው እጅ አላሳይ ብሎ፣ እልፍነሽ የአስካለን እጅ ሳታይ ቀረች።

«ሹፌሩ በፍላሽ ተጭኖ ይምጣ» አለች ምንታምር። ፍላሹን ከመሳቢያ አወጡት። ባዶ ነው። «ሹፌር ጫን» ቢሉት፣ «መጀመሪያ በሱቁ ኮምፒውተር ልሞላ፤ ባዶዬን ምን ልጫን» አለ። እውነቱን ነው። ሽብሩና ምንታምር ፍላሹን ይዘው መንገዱን ተሻገሩ። እግራቸው ሱቁ ውስጥ ከመግባቱ ከውጭ ነፋሱ ጮኸ፣ አንድ ነገር ቷ አለ፣ አምፖሉ ጠፋ። የሱቁ ኮምፒውተርም ድርግም አለ።

«መብራት ሄደ» አለች ምንታምር፣ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ሁሉ።

ሽብሩ ወደ ቤቱ ቢያይ እዚያም ጨለማ ነው። የላፕቶፑ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፤ ከሶኬቱ ሲነቀል ትንፋሽ የለውም። አሁን እኔ ትንፋሼን ልሰብስብ፤ እናንተም ተዘጋጁ። መብራቱ የሱቁን ኮምፒውተር አልቀሰቅስ ብሎ፣ ኮምፒውተሩ ፍላሹን አልሞላ ብሎ፣ ፍላሹ ሹፌሩን አልጭን ብሎ፣ ሹፌሩ ዋይፋዩን አልነዳ ብሎ፣ ዋይፋዩ ፕሮግራሙን አልጠራ ብሎ፣ ፕሮግራሙ ካሜራውን አልከፍት ብሎ፣ ካሜራው እጅ አላሳይ ብሎ፣ እልፍነሽ የአስካለን እጅ ሳታይ ቀረች።

ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ገብቶ መብራት እስኪመጣ ይተኛል። ሽብሩ ግን መብራቱ ለምን እንደሄደ ሳያውቅ እንቅልፍ አይወስደውም። የመብራቱን ሽቦ እያየ፣ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ፣ ከምሰሶ ምሰሶ እየሄደ ተከተለው። ከመንገዱ ጥግ የመስመር ሠራተኛው ደጀኔ ምሰሶ ሥር ቆሞ አገኘው። መሰላሉ ተደግፏል፤ ደጀኔ ግን አልወጣም።

«ደጀኔ፣ ለምን አትወጣም?»

«ጋሽ ሽብሩ፣ ያንን ይመልከቱት» አለው ደጀኔ። ከእማሆይ ወለተ ኪዳን ግቢ የሚወጣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ተጋድሟል። «ሽቦውን የበጠሰው እሱ ነው። እኔ ብቀጥለው ነፋስ ሲመጣ መልሶ ይበጥሰዋል፤ እኔንም ላይ እንዳለሁ ይጨምረኛል። ቅርንጫፉ ካልለቀቀ አልወጣም።»

«ቅርንጫፉን ለምን አትቆርጠውም?»

«የእማሆይ ነዋ። አይቆረጥም ብለዋል።»

ቅርንጫፉ ለደጀኔ አልለቅ ብሎ፣ ደጀኔ መብራቱን አልቀጥል ብሎ፣ መብራቱ ኮምፒውተሩን አልቀሰቅስ ብሎ፣ ኮምፒውተሩ ፍላሹን አልሞላ ብሎ፣ ፍላሹ ሹፌሩን አልጭን ብሎ፣ ሹፌሩ ዋይፋዩን አልነዳ ብሎ፣ ዋይፋዩ ፕሮግራሙን አልጠራ ብሎ፣ ፕሮግራሙ ካሜራውን አልከፍት ብሎ፣ ካሜራው እጅ አላሳይ ብሎ፣ እልፍነሽ የአስካለን እጅ ሳታይ ቀረች።

ሽብሩ የእማሆይን በር አንኳኳ። እማሆይ በጋቢያቸው ተጀቡነው፣ በሁለት እጃቸው ሁለት ጆሯቸውን ይዘው ወጡ።

«እንደምን ዋሉ እማሆይ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ለቅርንጫፉ ከሆነ የመጣኸው፣ አላስቆርጥም።»

«ለምን እማሆይ?»

ሰው ሁሉ ቁረጡት ብሎ ነው የመጣባቸው፤ ለምን ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እማሆይ ፊታቸው ለስለስ አለ። «ያ ቅርንጫፍ እኮ የመስኮቴ ጋቢ ነው ልጄ» አሉ። «እሱ ከተቆረጠ የዚህ አገር ነፋስ በቀጥታ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ይኸው ቆቤ ሳስቷል፣ ብርሃን ያሳልፋል። ጆሮዬን ድፍን የሚያደርግ የሱፍ ቆብ ያለው ሰው ቅርንጫፉን ይውሰድ።»

ሽብሩ ደስ እያለው ወደ ቤቱ ገሰገሰ። ቆብ ምን ችግር አለው? ቤቱ ውስጥ እልፍነሽ አለች። እልፍነሽ ደግሞ ሲሊንደር እንኳ ታለብሳለች።

«እሠራላቸዋለሁ» አለች እልፍነሽ ነገሩን እንደሰማች። «ክር ግን የለኝም። ያለኝ ለጠርዙ ያስቀመጥኩት ነጭ ጥጥ ነው፤ እሱ የእማዬ ነው፣ አይነካም። ቢነካስ ጥጥ ጆሮ ያሞቃል? ሱፍ ነው የሚያስፈልገው። ሱፉ ደግሞ አልቋል።»

«በምን አለቀ?»

የእልፍነሽ ዓይን ወደ ጠረጴዛው ሄደ። የሽብሩም ዓይን ተከተላት። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑ ቡናማ ሹራቡን ለብሶ፣ ምንም እንደማያውቅ ተቀምጧል።

«እሱንማ አላደርገውም» አለች እልፍነሽ። «ስንት ለፍቼበት። ደግሞ ይበርደዋል።»

እንግዲህ አብራችሁኝ በሉ፤ ብቻዬን አልችለውም። ክሩ ለቆቡ አልገኝ ብሎ፣ ቆቡ ለእማሆይ አልደርስ ብሎ፣ እማሆይ ቅርንጫፉን አላስቆርጥ ብለው፣ ቅርንጫፉ ለደጀኔ አልለቅ ብሎ፣ ደጀኔ መብራቱን አልቀጥል ብሎ፣ መብራቱ ኮምፒውተሩን አልቀሰቅስ ብሎ፣ ኮምፒውተሩ ፍላሹን አልሞላ ብሎ፣ ፍላሹ ሹፌሩን አልጭን ብሎ፣ ሹፌሩ ዋይፋዩን አልነዳ ብሎ፣ ዋይፋዩ ፕሮግራሙን አልጠራ ብሎ፣ ፕሮግራሙ ካሜራውን አልከፍት ብሎ፣ ካሜራው እጅ አላሳይ ብሎ፣ እልፍነሽ የአስካለን እጅ ሳታይ ቀረች። አያችሁት ዙሩን? ከላፕቶፑ ተነስተን፣ ሰፈሩን አዳርሰን፣ ላፕቶፑ ላይ ተመልሰን ቁጭ አልን።

ሽብሩ ፍቺው ብሎ አልጨቀጨቃትም። ሰው የለፋበትን ሥራ ፍታ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያውቃል። አጠገቧ ተቀመጠ። በዚህ መሃል የእልፍነሽ ስልክ ጮኸ። ማስተዋል ናት።

«አክስቴ፣ ምን ላይ ደረሳችሁ?» አለች። «እማዬ ኪሮሿን ይዛ ቁጭ ብላለች። እስኪደውሉ እጄን ላለማምደው ትላለች። ዛሬ ጠዋት ማንኪያ አልያዝላት ብሎ እኔ ነኝ ያጎረስኳት።»

እልፍነሽ ስልኩን ዘጋች። እልፍነሽን በልጅነቷ እጇን ይዛ ኪሮሽ ያስያዘቻት፣ ስታለቅስ ያጎረሰቻት አስካለ ናት። ዛሬ አስካለን ሰው አጎረሳት። የእልፍነሽ ዓይን እንባ ሞላ። ተነስታ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፣ ገለበጠችው፣ የቋጠረችበትን ቦታ ፈልጋ በመቀስ ነካ አደረገችው። «ይቅር በለኝ» አለችው ላፕቶፑን፣ ከልቧ። ከዚያ ጫፉን ይዛ ሳበች። ሹራቡ ረድፍ በረድፍ እየለቀቀ ተፈታ፤ ሽብሩ ክሩን እየተቀበለ ጠቀለለው።

ክር ክር! በሉ እንጂ፤ ምዘዝ ምዘዝ። ሹራቡ ክር ሰጠ። ክሩ ቆብ ሆነ። ቆቡ ለእማሆይ ደረሰ፤ ጆሯቸውን ድፍን አደረገላቸው፣ እሳቸውም የምርቃቱን መዓት አወረዱት። እማሆይ ቅርንጫፉን አስቆረጡ። ቅርንጫፉ ለደጀኔ ለቀቀ። ደጀኔ መብራቱን ቀጠለ። መብራቱ ኮምፒውተሩን ቀሰቀሰ። ኮምፒውተሩ ፍላሹን ሞላ። ፍላሹ ሹፌሩን ጫነ። ሹፌሩ መንገዱን ተሻገረ፣ ላፕቶፑ ውስጥ ገባ፣ ዋይፋዩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ዋይፋዩ ግን አልነሳ አለ።

ሦስቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ምንታምር ጻፈች፣ አነበበች፣ ደግማ ጻፈች። «ሹፌሩ ደህና ነው» አለች። «ካርዱን አውቆታል። ግን ታግዷል ይላል።»

«ማን አገደው?» አለ ሽብሩ።

«እሱን አይናገርም። ከሶፍትዌሩ አይደለም፤ ከማሽኑ ከራሱ ነው ይላል። የድሮ ላፕቶፖች እኮ የዋይፋይ ማብሪያ ማጥፊያ ነበራቸው፣ በእጅ የምትገፋ። እዚህኛው ላይ ግን አላየሁም።»

ሽብሩ ይሄን ነገር ያውቀዋል። ሹፌር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ መሪውን ጨብጦ፣ ተሳፋሪው ሞልቶ፣ ቁልፉ ግን ካልዞረ አውቶቡስ ቤት ነው፣ አይሄድም። «ቁልፉ አልዞረም ማለት ነው» አለ። ላፕቶፑን አነሳና ዙሪያውን በዝግታ አገላበጠው። እንዲህ ዕርቃኑን አይቶት አያውቅም፤ ለእሱ ላፕቶፑ ሁልጊዜ ቡናማ ነው። ከፊት ለፊቱ፣ ከከንፈሩ ሥር፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር አለች። አጠገቧ ትንሽ መብራት በብርቱካን ቀለም ቦግ ብላለች።

«እልፌ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

እልፍነሽ መነጽሯን አድርጋ አየቻት። ፊቷ ተለወጠ። «እኔ እንጃ» አለች ቀስ ብላ። «ያን ጊዜም ምን እንደሆነች አላወቅሁም። የክዳኑ መወርወሪያ መስላኝ ነበር። ቀዳዳ አልተውኩላትም። ስሰፋም ወደ ግራ ጠበቅ አድርጌ ነው የሳብኩት።» ሦስቱም ተያዩ። ዋይፋዩን ያገደው ሹራቡ ነበር። ሹራቡ ለቆብ ባይፈታ ኖሮ ሹፌር ከየትም ቢመጣ አይነሳም ነበር።

ሽብሩ በጣቱ ሊገፋት ሞከረ፤ መሪ የለመደ ጣት ወፍራም ነው፣ አልያዛትም። እልፍነሽ ኪሮሿን ከፀጉሯ መዘዘች። በጫፏ ማብሪያዋን ያዝ አደረገቻትና ወደ ቀኝ ገፋቻት። ቀጭ አለች። ብርቱካኑ ሰማያዊ ሆነ።

ሹፌሩ ዋይፋዩን ነዳ። ዋይፋዩ ፕሮግራሙን ጠራ። ፕሮግራሙ ካሜራውን ከፈተ። ካሜራው አሳየ፤ ከዚያ ማዶም ጅማ ተከፈተች፤ አስካለ ስክሪኑን ሞልታ መጣች።

«እልፌ» አለች አስካለ ጮክ ብላ፣ የራሱን ድምፅ እንደማይሰማ ሰው። «ፀጉርሽ እንዲህ ነጥቷል? ሽብሩ ይሄ ነው? ወፍሯል።» ከዚያ ጊዜ አላጠፋችም። እጇን ከነኪሮሿ፣ ከነነጭ ክሯ አነሳች።

እጁ ይንቀጠቀጣል። «ሽብሩ» አለች እልፍነሽ፣ «ኔትወርኩ ተንቀጠቀጠብኝ፣ አስተካክልልኝ።» ሽብሩ ስክሪኑን አየ። ከአስካለ ኋላ ግድግዳው ላይ ያለው ካሌንደር ቀጥ ብሏል። የማስተዋል ፊት ቀጥ ብሏል። የሚንቀጠቀጠው እጁ ብቻ ነው። ሽብሩ፣ ያ ሽብሩ ለምን፣ አፉን ከፍቶ ዘጋው። እልፍነሽም ገብቷት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኔትወርክ አላነሳችም።

አስካለ ኪሮሿን ወደ ክሩ ለመክተት ሞክራ ሳተችው። መልሳ ሞከረች፣ ሳተችው። ማስተዋል ልትረዳት እጇን ስትዘረጋ፣ አስካለ በክርኗ ገፋቻት። በስተመጨረሻ ጫፉ ገባ። ከገባ በኋላ እጁ ያውቀዋል። ሁለት ወደፊት ሄደ። አንዱን ዘለለ። እዚህ ላይ እልፍነሽ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፣ ምክንያቱም እጁ አልቀጠለም፤ ወደ ኋላ ዞረ፣ የዘለለውን ፈልጎ ከሥር አንስቶ ይዞት መጣ። ያን ጊዜ ነው ጠርዙ ቀጥ ያለው።

«ተመልሳ ነው የምታነሳው» አለች እልፍነሽ። «ያንን አልነገረችንም ነበር።»

ማስተዋል ይሄንኑ ወረቀት ላይ ጽፋ ለእናቷ አሳየቻት። አስካለ አንብባ ሳቀች። «ውይ፣ እኔ እኮ መመለሴን አላውቀውም» አለች። «እጄ ነው የሚያውቀው፤ አፌ አልነበረበትም።»

እልፍነሽ ኪሮሿን አንስታ ሠራች። ሁለት ወደፊት፣ አንዱን ዘለለች፣ ተመለሰች፣ የቀረውን አነሳች። አልተጨማደደም። ቀጠለች። ጥቂት እንደሄደች የአልጋ ልብሱን ጫፍ ከነጠርዙ አንስታ ለካሜራው አስጠጋችው። ብትናገር አትሰማትም፤ ስለዚህ ዝም ብላ አሳየቻት።

አስካለ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ረጅም ጊዜ አየችው። እንከን ፈለገችበት፣ እንደ ታላቅ። አላገኘችም። ከዚያ ኪሮሿን ከክሩ አውጥታ ለማስተዋል ሰጠቻትና እጆቿን አንዱን ባንዱ ላይ አድርጋ ጉልበቷ ላይ አሳረፈቻቸው። «በቃ» አለች፣ «የእማዬ እጅ አንቺ ጋ ደርሷል። የእኔ ይረፍ።»

አልጋ ልብሱ አልቆ ጅማ ሄዷል፤ አስካለ ጉልበቷ ላይ ጣል እያደረገችው ነው የምትቀመጠው። ላፕቶፑም ዕርቃኑን አልቀረም፤ እልፍነሽ አዲስ ሱፍ አግኝታ ሌላ ሹራብ ሠርታለታለች። ከፊት ለፊቱ ግን ትንሽ ቀዳዳ አለችው፣ በዙሪያዋ የእናታቸው ጠርዝ የተሠራባት። ሽብሩ አሁን ምን ልፍታ እያለ የደጀኔን መሰላል እያየ ነው ይላሉ።

የእኔ ክር እዚህ አለቀ። ጫፉን የያዘ ይቋጨው፤ የዘለልኩት ካለም ተመልሳችሁ አንሱልኝ።